በርኖሱን የወሰደችው

ጋዜጠኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። «በርኖሴን ይዛ» በሚለው ዘፈን ላይ የተሳሳተውን ግን መምህር ምንዳዬ ይቅር የሚልበት ሆድ አልነበረውም። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ታሪክ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል ሲያምታቱ በትዕግሥት ያርማል፤ ዘፋኙ ዓምደ ሚካኤል በሻህ የት እንደተወለደ የሳተ ጋዜጣ እጁ ሲገባ ግን ምሳውን ገፍቶ ይነሣል።

ስሕተቶቹም ይቅር የሚያስብሉ አልነበሩም። አንዱ ጋዜጣ ግሼ የተወለደውን ሰው ወስዶ ደብረ ሲና ላይ ወለደው። አንድ መጽሔት የዘፋኙ ፎቶ ነው ብሎ የእግር ኳስ ዳኛ አወጣ፤ ያውም ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ! ሌላው የመግቢያውን ክላርኔት ሳክስፎን አደረገው። ዓምደ ሚካኤል ከሞተ ቆይቷል፤ ተነሥቶ አይከራከርም። ስለዚህ ምንዳዬ ተከራከረለት። ለእያንዳንዱ ስሕተት እርማት ጽፎ ላከ፤ አንዱም አልታተመለትም።

የሃምሳኛው ዓመት ስሕተት ግን ሁሉንም አስናቀ። አዲስ አበባ ያለ፣ ስርጭቱ መንዝ ድረስ የሚደርስ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ ዘፈኑ የወጣበትን ሃምሳኛ ዓመት ሲያስብ፣ ፀደንያ የምትባል ጋዜጠኛ በዚያ በተሞረደ ድምፅዋ፣ «በርኖስ የመንዝ ሰዎች ከከብት ቆዳ የሚሠሩት ካባ ነው» አለች።

«ከቆዳ!» ብሎ ጮኸ ምንዳዬ።

ይህን የሰማው በቅጣው ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ተቀምጦ ነው። ቅጣው አብሮ አደጉ ነው፤ ሱቁም የዘፈኑ ወዳጆች ከሥራ መልስ እየተሰበሰቡ የሚነታረኩባት ጠባብ ክፍል ናት። ክላርኔቱን የነፋው ማን ነው፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የሚያስለው ዘፋኙ ነው ወይስ ከበሮ መቺው፣ በዚህ በዚህ ወዳጅነት ተበላሽቶባታል፤ ተጠግኖባታልም።

«ከቆዳ አለች እኮ! ይቺ ሴትዮ በግ አይታ ታውቃለች? እናቶቻችን ጣታቸው እስኪላጥ ፀጉር ሲፈትሉ የኖሩት ለቀልድ ነው?»

«ቀስ በል፣ ትራንዚስተሬን አስጣልከኝ» አለ ቅጣው አቀርቅሮ እየበየደ። «ቆዳም ሆነ ፀጉር ያው ከበጉ ነው።»

«ከብት ነው ያለችው! ከብት!»

«እንግዲያው አማትህን ጠይቃቸው። ይዘውት የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ቆዳ ይሁን ፀጉር ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ምንዳዬም ሳይወድ ሳቀ። የዘፈኑ ወዳጆች ያለ ክርክር የሚስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ዘፈኑ በጭጋግ መሐል በርኖሱን ይዛበት ሽቅብ ስለ ወጣች፣ ቢጠራት ቢለምናት ዞራ እንኳ ስላላየችው ሴት ነው። ያቺም የሞላሌዋ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ የምንዳዬ የሚስቱ እናት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ዓምደ ሚካኤል ሞላሌ ላይ የጥሩሸዋ እናት ጠላ ቤት ገብቶ አምሽቷል፤ የቀዱለት ጥሩሸዋ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ናቸው። ዘፈኑ ሲወጣ ገበያው ሁሉ «ያቺ ናት!» አለ፤ አንድ ጋዜጣም ስማቸውን አትሞ አጸደቀው። ከዚያ ወዲያ ጥሩሸዋ የትም ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል። ፖሊስ የነበሩት ሟቹ ባላቸው ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ በተነሣ ቁጥር ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩን ወርውረው ይወጡ ነበር፤ ጥሩሸዋም ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ምንዳዬ ራሱ ገና አዲስ መምህር ሳለ ሞላሌ የወረደው ባለታሪኳን ሊጠይቅ ነው፤ ልጃቸውን ማናለብሽን አይቶ ጥያቄውን ረሳው። በሰርጉ ቀን አማቱ ጥቁር በርኖስ ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ «እንካ፣ ከአንዱ የወሰድኩትን ለአንዱ መለስኩ» ብለው ድንኳኑን አስፈነደቁት።

ምንዳዬ ያን ዕለት ኤፍኤሙ ጋ ደወለ። ስለ ቆዳው እንደ ችሎት ነጋሪት ጮኸባቸው። ፀደንያ ግን ለስላሳ ነበረች።

«መምህር፣ እንዲህ የሚያውቅ ሰው ስናጣ ነው እኮ የምንሳሳተው። መጥተን ሞላሌ ላይ እንቀዳለን። ባለታሪኳን ያገናኙናል?»

ቁጣው እንደ ቅቤ ቀለጠ። ወይዘሮ ጥሩሸዋም ወሬውን እንደሰሙ አዲስ ቀሚስ አሰፉ፤ ሹሩባ የምትሠራውን ልጅ ቀጠሩ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። በስልክ፣ «ምንዳዬ፣ በሬዲዮ መልክ አይታይም አይደል?» ሲሉት «አይታይም፣ እማማ» አላቸው። «ግድ የለም፣ ድምፄ ላይ ያስታውቃል» አሉ።

እዚህ ላይ አርፎ ቢቀመጥ ምንም ባልመጣ! ነገር ግን ከጋዜጠኛ ፊት ሲቀርብ በርኖሱ የተወሰደበትን ቦታ በትክክል ሊያመለክት ፈለገ። ቀየት በሚባል አካባቢ የዓምደ ሚካኤል የአክስት ልጅ የሆኑ አባባ ገሠሠ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። የመጣበትን ሲነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ሃምሳ ዓመት ስጠብቅ አንድ ሰው መጣ! ስለ ሸጋዬ ልትጠይቀኝ ነዋ?»

«ሸጋዬ ማን ናት፣ አባባ?»

«በቅሎዬ ናታ!»

ምንዳዬ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ለዘመድ ሰርግ መጥቶ ወደ ሞላሌ ሲመለስ አዋስኩት። ከተማ ያደገ፣ የበቅሎ ነገር የት ያውቃል? መንገድ ላይ ሲሞቀው በርኖሱን አውልቆ ኮርቻው ላይ ጣለው። ትንሽ ሄዶ ሽንቱ መጣና ወረደ። ዛቧን ለቀቀው! እንዴት ያለ ሰው ነው የተዋሰውን በቅሎ ዛብ የሚለቅ? የሰው በቅሎ ልቧ ሁልጊዜ ቤቷ ነው። እሱ ሱሪውን ሳይታጠቅ እሷ ዞራ ሽቅብ! ጠራት፣ ለመናት፣ ዞራም አላየችው። ጭጋጉ ወረደ። እሷ ከነበርኖሱ ደጄ ደረሰች፤ እሱ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሞላሌ ገባ። በዓመቱ ዘፈነላት። እኔም ለሸጋዬ አስደመጥኳት፤ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሰማች።»

ምንዳዬ ዘፈኑን በልቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስኬደው። ስንት ዓመት ሙሉ በቅጣው ሱቅ፣ «ሌሎቹ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ ወገቧ ሲሉ ዓምደ ሚካኤል ስለ ሴትዮዋ መልክ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ጨዋነት ይህ ነው!» እያለ ንግግር አድርጓል። ለካ ያልተነፈሰው ሴት ስላልነበረች ነው።

ሲመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ያገሩን ጋዜጠኛ ሁሉ ረገመ። ማን ጠይቆ ጻፈ? ማን ቀየት ሄደ? ግን እሱስ ቢሆን መቼ ሄዶ ነበር? ይህን ጥያቄ ቶሎ ገፋው፤ ጋዜጠኞቹን መርገም ይቀል ነበር።

ቤት ገብቶ ለማናለብሽ ነገራት። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እና ምን ልትል ነው? በሬዲዮ ቀርበህ አማቴ በቅሎ ናት ልትል ነው?»

«እንዲያ አልልም። ዘፈኑ የተዘፈነው ለበቅሎ ነው እላለሁ እንጂ...»

«ልዩነቱን ለሞላሌ ሰው አንተ ታስረዳለህ? እማዬ ገበያ በወጣች ቁጥር ምን እንደሚሏት ጠፍቶህ ነው?»

«እውነቱ እውነት ነው፣ ማኔ! ደብረ ሲና ላይ የተወለደ አደረጉት ብዬ የጮኽኩ ሰው፣ ይህን አውቄ ዝም ልል ነው?»

«በርኖሱን መልስ።»

«የምኑን?»

«በሰርጋችን የሰጠችህን። በስሕተት ነው የሰጠችህ፤ አርምና መልስላት። እኔንም ከፈለግህ ጨምረህ መልሰኝ፤ ያገኘኸኝ በዚያው ስሕተት ነው።»

ለዚህ የሚሆን መልስ ታሪክ አስተማሪው የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላነበበም። ዝም ለማለት ወሰነ፤ ግን ዝምታ ስለማያውቅበት በማግስቱ ለቅጣው አወራው። ቅጣው በሳቅ ወንበሩ ላይ ተገለበጠ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለው ምንዳዬ።

«ሞቼ ነው!» አለ ቅጣው፤ ዓይኑ ግን ቃሉን አላገዘውም።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ግቢ በሰው ሞላ፤ አግዳሚው አልበቃ ብሎ የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ወጡ። ጥሩሸዋ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው፣ ሹሩባቸው እንደ ገብስ ማሳ ተደርድሮ፣ መሐል ተቀመጡ። ፀደንያ ቀጭን ፈገግተኛ ልጅ ናት፤ ማይክሮፎኗን ደቅና ገና «ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ያን ዕለት...» ስትል በሩ ተንኳኳ። ቅጣው ገባ። ከኋላው ከዘራቸውን ተደግፈው አባባ ገሠሠ ገቡ።

ምንዳዬ ዘሎ የቅጣውን ክንድ ያዘና ወደ ጥግ ጎተተው።

«አንተ ከሃዲ! ምን አደረግሁህ?»

«እውነት እውነት ስትል አልነበር?» አለ ቅጣው ጥርሱን ገልጦ። «አመጣሁልህ። በእግሩ የሚሄድ እርማት ነው።»

አባባ ገሠሠ ወንበር ሳይጠብቁ ማይክሮፎኑ ጋ ደረሱ። «ልጄ፣ ይህ ነገር እስከ አዲስ አበባ ይሰማል?» አሉ።

«በመላ አገሪቱ ይሰማል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጻፊ። ዘፈኑ የተዘፈነው ለበቅሎዬ ለሸጋዬ ነው።»

አጥር ላይ ያለ አንድ ልጅ ሳቀና ከኋላው ኩርኩም አገኘው። ጥሩሸዋ ፊታቸው ሳይለወጥ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ፤ ደግመውም አስተካከሉት። ምንዳዬ ይህን አየ። ከአፉ የወጣው ቃል እሱንም አስደነገጠው።

«ተሳስተዋል፣ አባባ።»

«ምን አልክ?» አሉ ሽማግሌው። «ያን ዕለት በደጄ ተቀምጠህ አፍህን ከፍተህ የሰማኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ሰምቻለሁ። ግን... የታሪክ ሰው የሰማውን ሁሉ አይቀበልም። ያመዛዝናል። በቅሎ ላይ የተዘፈነ ዘፈን ለመሆኑ የጽሑፍ ማስረጃ የለም።»

«ለእሷስ አለ?»

«አለ!» አለ ምንዳዬ። «በጋዜጣ ወጥቷል!»

ቅጣው ከጥግ ሆኖ አፉን በመዳፉ ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ ጋዜጣን በውሸታምነት ሲከስ የኖረ ሰው ጋዜጣን ምስክር ሲጠራ ማየት፣ ከመሐል ሜዳ ለከፈለው መሳፈሪያ ሁሉ በቂ ዋጋ ነበር።

«ጋዜጣ!» አሉ ገሠሠ ከዘራቸውን እየወዘወዙ። «ጋዜጣው በቅሎዬን ያውቃታል? በርኖሱን ከኮርቻዋ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ! በእነዚህ እጆቼ!»

ይህን ጊዜ ጥሩሸዋ ቀና አሉ።

«አወረዱት?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ከዚያስ፣ አባባ ገሠሠ? በርኖሱን የት አደረሱት?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ።

«እሱማ... ልልክለት ነበር። እሱ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱም ሩቅ... ብርዱም በዚያ ዓመት የጉድ ነበር።»

«ለበሱት?»

«ትንሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ» አሉ ገሠሠ።

«እግዚኦ! የሰው በርኖስ!» አሉ አንዲት አሮጊት ከአግዳሚው። በመንዝ ብርድ የሰው በርኖስ አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ ግቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማጉረምረሙ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«ተመልከቱ እንግዲህ» አሉ ጥሩሸዋ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወሰደች ስባል የኖርኩት እኔ፤ የለበሱት እርስዎ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባባ ገሠሠም መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ በኋላ ራሳቸውም ሳቁ። ጥሩሸዋ ከጎናቸው አስቀመጧቸውና ጠላ በራሳቸው እጅ ቀዱላቸው። ፀደንያ ማን ምን እንዳለ ግራ ገብቷት አንዴ ወደ በቅሎዋ ባለቤት አንዴ ወደ ባለ ሹሩባዋ ማይክሮፎኗን እያዞረች የቻለችውን ቀዳች። ምንዳዬም ቢያንስ አንድ እውነት ላድን ብሎ የለበሰውን የሰርጉን በርኖስ ጫፍ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ንኪው፣ እኅቴ። ፀጉር ነው። የበግ ፀጉር።» እሷም ዳሰሰችው፤ «ዋው፣ ይለሰልሳል» አለች።

ሰው ሁሉ ሲበተን አማቱ ወደ ጓዳ ጠሩት።

«ምንዳዬ፣ ሽማግሌው እውነታቸውን ነው አይደል?»

«የለም፣ እማማ። የዕድሜ ነገር ነው፤ ተምታቶባቸው ነው።»

«አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ዛሬ ከግቢ እስከ ጓዳ ሲቀላ ዋለ።» መደብ ላይ ተቀመጡ። «እኔ በርኖስ ወስጄ አላውቅም። ያን ዕለት ልጁ በብርድ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። በርኖስህስ የት አለ ስለው አፍሮ ዝም አለ። የአባቴን ጋቢ አምጥቼ አለበስኩት።»

«ጋቢ?»

«አዲስ ጋቢ። በማግስቱ ከነጋቢው ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰም። አባቴ ገርፎኛል።»

ዘፋኙ ራሱ! በርኖሴን ወሰደችብኝ ብሎ አገር ያስለቀሰው ሰው የሰው ጋቢ ይዞ ሄዷል! ይህን ማንም ጋዜጣ አልጻፈውም፤ ማንም መጽሔት አያውቀውም። የምንዳዬ እጅ ብዕር ፍለጋ ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አማቱ አዩት።

«ተወው።»

«ግን እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ? አልብሰውት ሳለ ወሰደች ሲባል?»

«ስለ ጋቢ ማን ይዘፍናል?» አሉ ጥሩሸዋ። «አለበሰች ብሎ ቢዘፍን ማን ይሰማው ነበር? ወሰደች ብሎ ዘፍኗል፤ ወስጃለሁ። በል፣ ብዕርህን መልስ።»

መለሰ።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተላለፈ። ቅጣው ሱቅ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ሰዉ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ክላርኔቱ ገባ፤ ፀደንያ ክላርኔት መሆኑን ተናገረች፤ ምንዳዬ በመገረም አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ታሪኩን ጀመረች።

«ወይዘሮ ጥሩሸዋ ያን ዕለት የአጎታቸውን የአቶ ገሠሠን በቅሎ፣ ሸጋዬን፣ ተቀምጠው፣ የዘፋኙን በርኖስ ለብሰው፣ በጭጋጉ ውስጥ ሽቅብ ጋለቡ። ዞረውም አላዩትም።»

ሁሉም ወደ ምንዳዬ ዞረ። የተናገረችው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ዝምድናው፣ ጉዞው፣ ግልቢያው። ቅጣው ሳይጠየቅ ወረቀትና ብዕር ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። የምንዳዬ ስልክ ጮኸ።

«ሰማኸው?» አሉ ጥሩሸዋ። «በቅሎ ተቀምጬ አላውቅም፤ ግን አምሮብኛል። አባባ ገሠሠም ከቀየት ደወሉልኝ፤ የሸጋዬ ስም በአገር ተጠራ ብለው እያለቀሱ ነው። እርማት እንዳትጽፍ!»

«አልጽፍም፣ እማማ።»

እውነትም ሊጽፍ አላሰበም። ወረቀቱንም ብዕሩንም ወደ ቅጣው ገፋ አደረጋቸው፤ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ ሰላም የሚባለውን ነገር ለጥቂት ቅጽበት ቀመሰው። ሬዲዮው ግን አልጨረሰም ነበር።

«በመጨረሻም» አለች ፀደንያ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ፣ «ከአድማጫችን ከመምህር ምንዳዬ በደረሰን እርማት መሠረት፣ በርኖስ የሚሠራው ቀደም ሲል እንዳልነው ከከብት ቆዳ ሳይሆን ከፍየል ቆዳ መሆኑን እየገለጽን፣ ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ወረቀቱን አምጣ!» አለ ምንዳዬ።